ቢጫው ኮን

ሠራተኞቹ ከኋላዋ «እሜቴ ደቂቃ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ደብተሯ ነው። በሸሚዝ ፋብሪካው ሦስተኛ ላይን ላይ አርባ ሴቶች ተደርድረው ይሰፋሉ፤ እሷ ጫፍ ላይ ካለው ከፍ ያለ ወንበር ሆና ማን በስንት ሰዓት እንደተነሳች፣ በስንት ሰዓት እንደተመለሰች ትጽፋለች። አጠገቧ ካለው ምሰሶ ላይ ክሩ ያለቀ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ ትልቅ የክር ኮን በሚስማር ተንጠልጥሏል። ሽንት ቤት መሄድ የፈለገች እጇን ታነሳለች፤ ሲፈቀድላት ኮኑን ይዛ ትወጣለች፤ ስትመለስ ቦታው ትሰቅለዋለች። ሰው አርባ፣ ኮን አንድ። በአንድ ፈረቃ ለአንዲት ሴት ሁለት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ። ደንቡን ያወጡት ሰውዬ ራሳቸው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄዱ የሚመዘግብ ደብተር ግን በፋብሪካው ውስጥ የለም። ኮኑ ከምሰሶው ላይ ከሌለ፣ የቸኮለች ሁሉ ጉልበቷን አጣብቃ መስፋቷን ትቀጥላለች።

እሜቴ ደቂቃ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው እንደዚያ ያስመስላታልና። ስድስት ዓመት ማሽን ላይ ጎብጣ፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ሠርታ ነው ወንበሩን ያገኘችው። ወንበሩን እንዳገኘች ታናሽ እህቷን አስገባች፤ አሥራ ሰባተኛው ማሽን ላይ፣ ኮሌታ እንድትሰፋ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አክስታቸው ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት። ጸጉሯን እየሠራች፣ የትምህርት ቤት ደብተሯን እየሸፈነች ያሳደገቻት እሷ ናት። የፋብሪካውን ግቢ ሲረግጡ ግን እህትነቱ በር ላይ ይቀራል። ለእህቷ ታዳላለች እንዳትባል ከሰው ሁሉ ይልቅ በእሷ ላይ ትጨክናለች። የሌሎቹ ስድስት ደቂቃ ሰባት ሲሆን አንዳንዴ እያየች እንዳላየች ታልፋለች፤ የእህቷን ሰባት ግን ሰባት ብላ ትጽፋለች። በዚህም ትኮራ ነበር።

ላይኑ ላይ ማንም ያልጻፈው ሌላ ደንብም ነበር። የወር አበባ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ስድስት ደቂቃ አይበቃም። ስለዚህ ሴቶቹ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ከሚወድቀው ቁርጥራጭ ለስለስ ያለውን ለቅመው፣ የጣት ያህል አድርገው ይጠቀልሉና ወደ ውስጥ ያስገቡታል። «ቡሽ» ይሉታል። ጠዋት የገባ ቡሽ ማታ ይወጣል፤ ፈረቃው ያለ ጭንቀት፣ ያለ እድፍ ያልፋል። ለአዲስ ገቢ ሁሉ ነባሮቹ ሹክ ይሏታል። እሜቴ ደቂቃ ስድስቱን ዓመት በቡሽ ነው የገፋችው፤ አንድ ቀን ራስ ምታት እንኳ ይዟት አያውቅም። ለእህቷም ያስተማረቻት ራሷ ናት፤ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ በሩን ቆልፈው፣ እየተሳሳቁ።

«ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልዪው» አለቻት። «ከዚያ በኋላ እኔንም ኮኑንም አትለምኚም።»

ያ ሰኞ የጥድፊያ ሰኞ ነበር። ዐርብ የሚጫነው ሸሚዝ ገና ኮሌታ አልነበረውም፤ ኮሌታ ደግሞ የአሥራ ሰባተኛው ማሽን ጣጣ ነው። ምሳ ሊደርስ ሲል ታናሿ ለሦስተኛ ጊዜ እጇን አነሳች።

«ሁለት ጊዜ ሄደሻል» አለች እሜቴ ደቂቃ፣ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሳ።

«እትዬ፣ ዛሬ ብሶብኛል።»

«እዚህ እትዬ የሚባል የለም። እጅሽን አውርጂ።»

አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው መስፋታቸውን ቀጠሉ። ታናሿ እጇን አወረደች። በምሳ ሰዓት ሽንት ቤቱ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር፤ ገና ከመግባቷ በሩን ይደበድቡባት ጀመር። የጠዋቱን ቡሽ ፈልጋ ለማውጣት ፋታ ስላጣች ከላዩ ሁለተኛ ጨመረች። ማታ ቤቷ ስትገባ አንዱን አወጣች፤ ሌላውም አብሮ የወጣ መሰላት፤ ደክሟት ነበርና እንደ ግንድ ወደቀች።

ረቡዕ ጠዋት ብርድ ብርድ አላት። ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ተቅማጥ። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት «የምሳ ቤቱ ምግብ ነው፤ ዛሬ አምስተኛዋ ነሽ» ብላ ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጠቻት። እሜቴ ደቂቃ ደብተሯ ላይ ጻፈች፦ አሥራ ሰባት፣ ክሊኒክ፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ። ቤት ሲገቡ አክስታቸው የሩዝ ውሃ ልታጠጣት ሞከረች፤ አልቆየላትም፣ መልሳ አወጣችው።

«ነገ ይሻልሻል» አለቻት ታላቋ። እንደሚሻላትም ከልቧ አምና ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ልጅቷ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ተዝለፍልፋ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። መስኮቱን ከፍተው ሲያዩዋት ፊቷ፣ ደረቷ፣ ሆዷ፣ እስከ ጣቶቿ ድረስ ቀልቷል፤ ዓይኗም ደም ለብሷል።

«ፀሐይ የመታት ነው የምትመስለው» አለች አክስት።

«የቱ ፀሐይ?» አሉ አጎት የሚሏቸው የአክስት ባል። እውነታቸውን ነው፤ ልጅቷ ፀሐይ የምታየው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። ተረባርበው ታክሲ ውስጥ አስገቧት። እሜቴ ደቂቃም ወንበሩን ካገኘች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ቀረች።

የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ወጣት ነው፤ የመነጽሩ አንድ እጀታ በፕላስተር ተጠግኗል። የደም ግፊቷን ለካና መሣሪያው የተበላሸ መስሎት በሌላ ደግሞ ለካው። ሰባ በአርባ። ትኩሳቷ ከሠላሳ ዘጠኝ አልፎ አርባ ሊሞላ ነው። በሁለቱም ክንዷ መርፌ ተክሎ፣ ሁለት ከረጢት ፈሳሽ ሰቅሎ፣ መቆጣጠሪያውን ሙሉ ለሙሉ ከፈተው። የቀላውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ነጣ፣ ሲለቀው መልሶ ቀላ። ምላሷን አየ። ደም አስቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ላከ። ከዚያ መጋረጃው ውስጥ ተጨናንቀው ወደ ቆሙት ወደ አክስት፣ ወደ አክስት ባልና ወደ እሜቴ ደቂቃ ዞረ።

«ምን መድኃኒት ወስዳለች?»

እሜቴ ደቂቃ ክኒኖቹን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችው።

«ክኒኑ አልተስማማትም እንዳልል ትኩሳቱ ከክኒኑ ይቀድማል» አለ፤ የሚያወራው ከራሱ ጋር ነው። «ምግብ ነው እንዳልል ምግብ ቆዳን እንዲህ አያቀላም።» ቀና አለ። «የወር አበባ ላይ ናት?»

የአክስት ባል ጣሪያውን አዩ። አክስት ሻርፗን አስተካከለች። እሜቴ ደቂቃ መልሱን ታውቃለች። አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት፤ የእህቷን ቀን ከራሷ ቀን አሳምራ ታውቃለች። ሰኞ ዕለት «ብሶብኛል» ስትላትም ላይኑ በሙሉ ሰምቷል።

«አላውቅም» አለች።

«ሰውነቷ ውስጥ የቆየ ነገር ይኖራል? ቁስል ውስጥ የተደረገ ጎዝ፣ ወይም ለወር አበባ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር?»

«እኛ እንደዚያ ዓይነት ነገር አናውቅም።»

አጎት ፊት እንዴት አድርጋ ትናገረው? ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነገሩ በአንድ ቃል የሚያልቅ አለመሆኑ ነው። ቡሽ ካለች ቡሽ ምንድን ነው ይላታል፤ ከዚያ ለምን ይላታል፤ ከዚያ ኮኑ ይመጣል፣ ከኮኑ በኋላ ደብተሩ፣ ከደብተሩ በኋላ «ማን አስተማራት?»። ሦስተኛውን ለራሷ ነው የነገረችው፤ ልጅቷ ሰኞ ማታ አውጥታዋለች፣ ያለቀለት ነገር ነው፣ አሁን ማንሳቱ ምን ይረባል አለች። ሐኪሙ አንገቱን ነቅንቆ ከያዘው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሰረዘ። የሰረዘው የእህቷን በሽታ ነበር። እሜቴ ደቂቃ በልማዷ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ፈሳሹ ይገባል፣ ግፊቱ አይነሳም። የላቦራቶሪው ውጤት መጣ፤ ወባ የለም፣ ታይፎይድ የለም፣ ኩላሊቷ ግን ደክሟል። ሐኪሙ ለታላላቆቹ ሐኪሞች ስልክ ደወለ፤ ለሁሉም ይሁን ብሎ ጠንከር ያለ መድኃኒት አስጀመራት። «ምንጩን ካላገኘሁት የሚያፈስ ባልዲ እየሞላሁ ነው» ሲል ለክፍሉ ነርስ ሲነግራቸው ሰማችው። ኮሪደር ወጥታ ተመለሰች። አፏን ከፍታ ዘጋችው። መሐል ላይ ስልኳ ጠራ፤ የምርት ክፍሉ ኃላፊ ነው።

«ኮሌታው ቆሞብኛል» አለ። «እህትሽ መቼ ትገባለች?»

«ነገ ትገባለች» አለች እሜቴ ደቂቃ። ለምን እንዲህ እንዳለች እሷም አታውቅም፤ ለዚያ ድምፅ ሌላ መልስ ሰጥታ ስለማታውቅ ይሆናል። ስልኩን ዘግታ የእህቷን እጅ ያዘች፤ ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል።

የክፍሉ ነርስ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ነጠላ ጫማቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናቸው። ሁሉም ሲስተር ይላቸዋል። በእርጥብ ጨርቅ ግንባሯን እያበሱላት ሳለ ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ መርፌው ያለበትን ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አነሳች።

«ኮኑን ስጪኝ» አለች። «አሁኑኑ እመለሳለሁ።»

«ኮን ምንድን ነው?» አሉ ሲስተር።

«ትቃዣለች» አለች አክስት።

ሲስተር የተነሳውን እጅ አዩት። አይወርድም። ከዚያ ታላቂቱን አዩዋት፤ እሷ ግን ወለሉን ታያለች።

«እጇን የምታነሳው ለማን ነው?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። «አባባ፣ እርስዎ ውጭ ቆዩልን። እናትዬ፣ አንቺም አብረሻቸው ሂጂ።» መጋረጃውን ጎትተው ዘጉና እሜቴ ደቂቃ ጆሮ ድረስ ተጠጉ። «አሁን ሰው የለም። ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። አጎቷ ፊት ተራራ ያከለው ነገር ለማለቅ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሲስተር አልተቆጧትም፤ አዘኔታም አላሳዩዋትም። ጓንታቸውን እያጠለቁ «ዶክተር፣ ቶሎ ና» ብለው ተጣሩ። አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር። «አላውቅም» ካለች ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ አልፏል፤ ማስላቱን ማንም አላዘዛትም፣ ጭንቅላቷ በራሱ ሠራው።

የወጣው የአንድ ጣት ያህል ነው። ሽታው መጋረጃውን አልፎ ኮሪደሩ ድረስ ወጣ። ሲስተር ብረት ሳህን ላይ አስቀመጡት፤ ቢጠቁርም ጨርቁ ይታወቃል፤ ነጭ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር። ዐርብ የሚጫነው ሸሚዝ ነው።

ሐኪሙ አሁን እጁም አፉም ፈጠነ። «ቶክሲክ ሾክ ይባላል» አላት፣ ሁለት አዳዲስ መድኃኒት እያዘዘ። «ጀርሟ በብዙ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ምንም ሳታደርግ ትኖራለች። ተዘግቶ የቆየ ደም ስታገኝ ግን መርዝ ትሠራለች። ልጅቷን የጣላት መርዙ ነው። አንደኛው መድኃኒት ጀርሟን ይገድላል፤ ሁለተኛው መርዝ መሥራቷን ያስቆማታል። ግፊቱን ደግሞ በሌላ መድኃኒት ወደ ላይ እንይዘዋለን።»

«እኔን ለምን አልያዘኝም?» አለች። «ስድስት ዓመት ሙሉ።»

«ብዙ ሰው መርዙን የሚመክትበት ነገር ደሙ ውስጥ አለው። አንዳንዱ የለውም። እስኪታመም ድረስ ማን እንደሌለው አይታወቅም።»

«ጠዋት ነግሬህ ቢሆን ኖሮ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጠረገው። «አላውቅም» አለ። የራሷን ቃል ነው የመለሰላት፤ እሱ ግን እውነቱን ነበር።

ልጅቷ ዳነች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በዚያው ክፍል በዚያው ሳምንት ያልዳኑ ነበሩ። ስድስት ቀን ፅኑ ሕሙማን ክፍል ተኛች፤ ኩላሊቷ ተመለሰ፤ ቅላቱ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት የመዳፏና የእግሯ ቆዳ ተላጦ ወደቀ፤ ሐኪሙ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ እንዲያውም በሽታው ያው መሆኑን ያረጋግጣል ብሎ ደስ አለው። ያልተመለሱት ጣቶቿ ናቸው። ግፊቷ በጣም ወርዶ በቆየበት ሰዓት፣ በኋላም ግፊቱን ያነሳው መድኃኒት ደሙን ለልብና ለአንጎል ሲሰበስብ፣ የቀኝ እጇ የሦስት ጣቶች ጫፍ ደረቀ፣ ጠቆረ። በአምስተኛው ሳምንት ተቆረጡ። ኮሌታ የሚያዞሩት እነዚያ ጣቶች ነበሩ።

ፋብሪካውም ዝም አላለም። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ መጥቶ ጠየቃት፤ በማግስቱም ማስታወቂያ አወጣ። «ከመቁረጫ ክፍል ቁርጥራጭ ጨርቅ መውሰድ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ሱፐርቫይዘሮች የሠራተኞችን ኪስ የመፈተሽ ኃላፊነት አለባቸው።» የተለጠፈው ምሰሶው ላይ ነው፣ ልክ ከኮኑ በላይ። ሱፐርቫይዘሮቹ ተሰብስበው እንዲፈርሙ ሲደረግ እሜቴ ደቂቃ እጇን አነሳች። እዚያ ቤት እጇን ካነሳች ዓመታት አልፈው ነበር።

«ሁለተኛ ኮን ይጨመርልን» አለች።

«ይታሰብበታል» አሏት። ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማታው የአርባ ሴት ኪስ ትዳስሳለች፤ የሠላሳ ዘጠኝ ሴት ማለት ነው። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲፈተሹ ፊቷን አያዩም። እሜቴ ደቂቃ ማለቱንም ተዉት፤ ምንም አይሏትም።

እህቷን ልትጠይቅ በሄደች ቁጥር አንድ ነገር ልትነግራት ትነሳለች፤ በሄደች ቁጥርም ውጣው ትመለሳለች። አንድ እሑድ ከሰዓት አክስት ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ታናሿ መስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ በፋሻ የተጠቀለለው እጇ ትራስ ላይ አርፏል።

«ያን ቀን» አለች እሜቴ ደቂቃ፣ «ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ...»

«ሰምቼሻለሁ።»

«ምኑን?»

«አላውቅም ስትዪው። ዓይኔ ነው እንጂ የተጨፈነው ጆሮዬ ይሰማ ነበር። እኔ ልነግረው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።»

እሜቴ ደቂቃ ስድቡን ጠበቀች። ስድብ ቢመጣ ይሻላት ነበር፤ ለስድብ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ታናሿ ግን በደህናው እጇ የአንሶላውን ጠርዝ፣ ስፌቱን እየዳሰሰች ቆየች።

«እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው» አለች። «አጎቴ ፊት እንዴት ይወራል? ደግሞ ዐርብ የሚጫን ነበረ።»

ድምፅዋ ውስጥ ምሬት የለም። እሜቴ ደቂቃን አንጀቷን የቆረጣትም ይኸው ነው። ሕፃን ሆና ፊደል ስታስጠናት ሦስቴ፣ አራቴ ካልተነገራት የማይገባት ልጅ፣ ይህንን ትምህርት አንዴ ተነግሯት ይዛዋለች። ልታለቅስ ፈለገች፤ የእሷ ማልቀስ እዚህ ጋ ደግሞ ምን ይሉታል ብላ ተወችው።

ትንሽ ቆይቶ ታናሿ ቦታዋን አመቻቸች። ጉልበቷን አጣበቀች። ከዚያ በፋሻ የተጠቀለለውን እጇን ከትራሱ ላይ አንስታ ጆሮዋ ድረስ ከፍ አደረገችው።

«አመመሽ?» አለች ታላቋ፣ ደንግጣ ከወንበሯ እየተነሳች።

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ልሂድ?»

ሽንት ቤቱ ከአልጋው አምስት እርምጃ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ውስጡ ሰው የለም። እሜቴ ደቂቃ እየቀለደችባት እንደሆነ ብላ ፊቷን አየች። እየቀለደች አይደለም። ከጠዋት ጀምራ ሽንቷን ይዛ ኖሯል።

«ሂጂ» አለቻት። ከዚያ ደገመችው። «ሂጂ፣ እህቴ።»

ታናሿ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አጠለቀችና ግድግዳውን ተደግፋ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች፤ እጇን ገና አላወረደችም።

«ስንት ደቂቃ አለኝ?» አለች።